ገና ያልሞተ ሰው መርዶ

እናቴ መርዶ ነጋሪ ነበረች። መተዳደሪያዋ አይደለም፤ መተዳደሪያዋ ዴንቨር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ሰው ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ነው። ነገር ግን ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ወረድ ብለው ባሉት የኦሮራ አሮጌ አፓርታማዎች የሚኖር ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነበር። መርዶ ሊነግሩ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል አፉን ከፍቶ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀሩት የሚሄዱት ሐዘንተኛው ሲወድቅ ለመያዝ ነው። ተናጋሪዋ እናቴ ነበረች።

የምትሄደው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ስልኩን ሳይከፍት። ለዚህ የምትለብሰው አንድ ጥቁር ቀሚስ ነበራት። መታጠቢያ ቤት ገብታ መስታወቱ ፊት የምትናገረውን ደጋግማ ትሞክራለች። በሩ ስስ ስለሆነ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ፤ አንዴ ረጋ ብላ፣ አንዴ ፈጠን ብላ፣ አንዴ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከቤት ከወጣች በኋላ ግን አንድ ቃል አትተነፍስም፤ የማንንም ፊት አታይም። ዓይኗን የምታነሳው የመርዶው ባለቤት ፊት ላይ ብቻ ነው። ካነሳች ደግሞ ተናግራ እስክትጨርስ አትነቅልም። ፊቱን የሸሸሽው ሰው አያምንሽም ትለኝ ነበር።

ሀይዌይ ስለምትፈራ የምነዳላት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ሄድን። እዚያ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ጋራዥ፣ አንድ ዓይነት ቀጭን ዛፍ፣ አንድ ዓይነት የበር መብራት። በየመኪናው ታጭቀን የሄድን ጥቁር ለባሾች አንድ በር ላይ ቆመን ደወልን። የከፈተው ፒጃማ የለበሰ ፈረንጅ ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ዓይኗን አንስታ ፊቱን ያዘችው። ሰውየው አንድ ቃል ሳንናገር ግርጥት አለ፤ የበሩን ጠርዝ ጨበጠና ማን እንደሆነ ጠየቀን። እኛ ማን እንደሆንን አልነበረም የጠየቀው፤ ማን እንደሞተበት ነበር። ሽማግሌዎቹ በይቅርታ ብዛት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ወጡ። የምንፈልገው ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከኋላ የተቀመጡት አንድ ትልቅ ሰው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መሀረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እናቴ አልሳቀችም። እኔም እስከ ዛሬ ያ ሰው ድንገት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ለሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ ደውሎ ይሆን እላለሁ።

በግቢያችን ውስጥ፣ ከበራችን ትይዩ፣ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ይኖራሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ የሳቸው ይጠራል። የኤርፖርት ሹትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ ይነዳሉ፤ ለሥራ ከመውጣታቸው በፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ስልኬ ላይ ስንኝ ስጭር ሲያዩኝ፣ «ገጣሚዋ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልሽ?» ይሉኛል። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ሰው የማይሞትበት ግጥም አልነበረኝም። ያን ዓመት ብርድ ሲገባ ግን ቀልዳቸው እየቀነሰ ሄደ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ከገባ በኋላ ስልኩ ዝም ብሏል።

እናቴ የጁሪ ጥሪ የደረሳት በዚያ ሰሞን ነው። ዜግነት ከወሰደች ገና ብዙ አልቆየችም። ኮሎራዶ ውስጥ የሞት ፍርድ ያን ጊዜ አልተሻረም ነበር። ሴንቴኒያል ያለው ፍርድ ቤት ወሰድኳት፤ ይመልሷታል ብዬ ውጭ ጠበቅኳት። አልመለሷትም። ሌላ ቀን ጠርተው ለብቻዋ ጠየቋት፤ ደግመው ጠሯት፤ በመጨረሻ ጉዳዩን ከሚፈርዱት አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች አንዷ ሆነች። ስለ ጉዳዩ ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን እንዳይናገሩ ዳኛው አዘዋል አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። እኔ ግን የትኛው ጉዳይ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ነዳጅ ስቀዳ ከማደያው ቴሌቪዥን ሰምቻለሁ። ሁለት ሰው ገድሏል የተባለ ወጣት ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ሞት እንዲፈረድበት ይጠይቃል።

ጁሪ ሆኛለሁ ማለት አልተከለከለም ነበር። የተከለከለው ስለ ጉዳዩ ማውራት ነው። ለእናቴ ግን ሞት ያለበት ምስጢር ግማሽ የለውም። ለአለቃዋ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አሳየች፤ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላለችም፤ እኔንም ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ።

ችግሩ ልብሱ ነበር። የሥራ ልብሷ አበባ ያለበት ነው፣ የቤተ ክርስቲያኗ ነጭ ነው። ፍርድ ቤት የሚያስገባ የመሰላት ያ ጥቁር ቀሚስ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በጥቁር ቀሚሷ ደረጃውን ስትወርድ ጋሼ ሲጋራቸውን ጥለው ተነሱ። እናቴ መሬት መሬቱን እያየች አለፈች። መኪናዋን ሳስነሳ ከላይኛው ፎቅ አንድ መጋረጃ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። ገና ሀይዌዩ ላይ ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ፤ የላይኛዋ ጎረቤታችን ናት፤ የማን ነው አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። እንኳን እሷ፣ እኔም የተናገርኩትን ስሰማው አላመንኩትም። መርዶ የሚደብቅ ሰው የሚለው ይህንኑ ነውና።

በማግስቱም ወጣች። በማግስቱም። አንድ ሰው ሲሞት ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ቅዳሜ እስኪደርስ መደበቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁሉም ለራሱ ማስላት ጀመረ። አባቱ የታመመበት ወደ አገር ቤት ደወለ። እናቷ ደህና መሆኗን በጆሮዋ የሰማችው ሳይቀር ድምፅዋ ልክ አልነበረም ብላ ሳትተኛ አደረች። ሐበሻ ሱቅ ስንገባ ወሬ ይቆማል። አንዲት ሴት እናቴን ከሩቅ አይታ የገዛችውን ሽንኩርት ባንኮኒው ላይ ትታ በጓሮ በር ወጣች። ሰላም የሚላት ሰው ዓይኗን ላለማየት ወደ ጫማዋ እያየ ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ምንም አትልም። እኔ ሌላ ቀሚስ ልግዛልሽ ብላት፣ ይኼ ለዚህ ቦታ ልኩ ነው አለችኝ።

ማታ ስለምሠራ አንዳንድ ቀን ተመልሼ ነዳጅ ከማቃጥል ብዬ እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ እጠብቃታለሁ። ከጎኔ ሁልጊዜ አንዲት ነጣ ያለ ካፖርት የለበሰች ሴት መኪናዋን ታቆማለች። ምሳዋን እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሆና ትበላለች። አንድ ቀን መስኮቴን አንኳኩታ ብርድ ላይ ነሽ ብላ ብርቱካን ሰጠችኝ፤ ተማሪ ነሽ ወይ አለችኝ፤ እጽፋለሁ አልኳት። ልጄም ትንሽ ሳለ ይጽፍ ነበር አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በመኪናችን መስታወት ውስጥ እጅ እያነሳን ሰላም እንባባል ነበር።

ወጣቱ ጥፋተኛ ተባለ። ያን ቀን ዳኛው አሥራ ሁለቱንም በየተራ፣ ውሳኔው ያንተም ነው፣ ያንቺም ነው እያሉ እንደጠየቁና እያንዳንዱ ጮክ ብሎ እንደመለሰ ከዜናው ሰማሁ። ቀጥሎ የቀረው ይሙት ወይስ ዕድሜ ልኩን ይታሰር የሚለው ነበር። ለሞት አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ አንድ ሰው እንቢ ካለ ሞት የለም።

እናቴ ያቺ አንድ ሰው እንደምትሆን አልተጠራጠርኩም። ሰው ሲወድቅ ስንቱን እንዳየች አውቃለሁ። እንዲያውም ከወዲሁ እየኮራሁባት ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅዋን ሰማሁ። ልምምድ ላይ ናት። መጀመሪያ የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ጆሮዬን ሳቀና እንግሊዝኛ ነው። «የስ፣ ዩር ኦነር» ትላለች፤ አዎ፣ ክቡር ዳኛ። ዝም። «የስ፣ ዩር ኦነር።» አንዴ ረጋ ብላ፣ አንዴ ፈጠን ብላ፣ አንዴ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ይጨነቃል፣ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በረዶ የጣለ ዕለት ጋሼ ከደረጃቸው ወርደው መኪናችን አጠገብ ጠበቁን። ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር፤ በረዶው መላጣቸው ላይ ያርፋል።

«የኔ ልጅ፣» አሏት እናቴን፣ «የኔ ከሆነ አታቆዪብኝ። ሰው እስኪሰበሰብ ብለሽም እንደሆነ፣ የሚሰበሰብልኝ ሰው የለኝም።»

«የእርስዎ አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ በየማለዳው ይዘሽ የምትወጪው የማንን ነው?»

እናቴ የመኪናውን በር ያዘች። ከዚያ፣ «ገና ያልሞተ ሰው ነው» አለች።

ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው ሳያደርጉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ቀንም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ሥራ አልሄዱም፤ ሹትሉ እዚያው በረዶ እንደለበሰ ቆሞ ነበር። የሆነ አገር፣ የሆነ ሆስፒታል ውስጥ ልጃቸው በማጣጣር ላይ እንደሆነና እናቴ ትንፋሹ እስኪወጣ እየጠበቀች እንደሆነ ነው የገባቸው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መኪና ውስጥ ተቆጣኋት። ጁሪ ነኝ ብትያቸው ምን ትሆኛለሽ አልኳት። የመለሰችልኝ አንድ ቃል ነው።

«ምያለሁ።»

ውሳኔው የደረሰ ዕለት እኔም ፍርድ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከተከሳሹ ጀርባ፣ ከፊት ረድፍ፣ ነጣ ያለ ካፖርት አየሁ። ዘወር ስትል ያቺ ብርቱካን የሰጠችኝ ሴት ናት። አወቀችኝ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እጄን ላነሳላት ብዬ በመሀል ተውኩት።

የጎን በሩ ተከፈተና አሥራ ሁለቱ በሰልፍ ገቡ። እንዲህ ያለ አገባብ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ሆኜ ገብቻለሁ። ድምፅ የለም፣ ልብስ የሚያስተካክል የለም፣ ሁሉም ምንጣፉን ያያል። እናቴም ምንጣፉን እያየች መጥታ ቦታዋ ላይ ቆመች። ከዚያ ዓይኗን አነሳች። ልጁን አላየችም፣ ዳኛውን አላየችም፣ እኔን አላየችም። ካፖርት የለበሰችውን ሴት ፊት ያዘች፤ አልነቀለችም።

የመርዶ አስተያየቷ ነው። አለቀ አልኩ።

ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ። ጁሪው አልተስማማም። ስለዚህ ቅጣቱ ያለ ምሕረት የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ሴትየዋ ከወንበሯ ተንሸራትታ ተንበረከከች፤ ከጎኗ የሚይዛት ሰው አልነበረም። እናቴ አሁንም ታያታለች።

ፓርከር ሮድ ላይ እየነዳሁ ልቤ ተመለሰልኝ። ሳቅ ሳቅ አለኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት። «አንቺ ነሽ ያስቀረሽው።»

«እኔ አይደለሁም።»

ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ፤ ወደ ፊት እይ አለችኝ።

አሁን መናገር ይቻላል ብላ ነገረችኝ። ገና ሲመርጧት፣ ሕጉ ከደረሰበት ሞት መፍረድ ትችያለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋት ነበር። እጇን አንስታ፣ ምላ፣ እችላለሁ አለች። ያን ጊዜ በልቧ ሌላ ሰው እንጂ እኔን አይመርጡኝም ብላ ነበር። ከተመረጠች በኋላ ቃሏን ማጠፍ በሐሰት መማል መሰላት። መጨረሻ ላይ አንዱ እንቢ ሲል እሷና ሌሎቹ አንድ ላይ ነበሩ።

«ዳኛው ግን ሞት መፍረድ ግዴታ ነው አላሉም» አልኳት። ይህን ዜናው ላይ ሰምቼዋለሁ።

«አላሉም። እንዲያውም ማንም አያስገድዳችሁም፣ ሁሉም ለራሱ ነው ብለዋል። ደጋግመው ብለዋል።»

«እና?»

«ለወጉ መሰለኝ።» ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ትልቅ ሰው ሲገባ፣ ኧረ ተቀመጡ፣ አትነሱልኝ ይላል። ተቀምጦ የሚቀር አለ?»

ተቀምጦ የቀረ አንድ ሰው ነበር። ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፤ በየቀኑ የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ የሚመጣ፣ በምሳ ሰዓት ከማንም ጋር የማያወራ። ሌሎቹ ለቀናት ሲለምኑትና ሲቆጡት እጁን አጣጥፎ፣ ዳኛው አትገደድም ብለውኛል፣ እኔም አልገደድም አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። እናቴ አጠገቡ ነበር የምትቀመጠው። ስድ ሰው ነው ብላ ታዝባው ነበር። ትልቅ ሰው ለጨዋነት የተናገረውን ቃል ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ሐፍረት እንኳ የለውም ብላ። የሰውየው ቃል እውነት እንደነበረ፣ ዳኛውም የሚሉትን ማለታቸው እንደነበረ የገባት ወረቀቱ ሲነበብ፣ የልጁን እናት ፊት እያየች ነው። የአንድ ሰው እንቢታ ሞቱን ያስቀራል ብላ ስላልጠበቀች ልትነግራት ተዘጋጅታ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

ሃቫና ጎዳና ደረስን። ቀይ መብራት ላይ አንዴ ወደ ግራ እጇ አየሁ፤ የቀሚሷን ጨርቅ ጨብጣዋለች።

ግቢ ስንደርስ መኪናዋን ፓርክ አድርጌ ሳልጨርስ ወረደች። ወደ ቤታችን አልሄደችም። ጋሼን ነፃ ላውጣቸው ብላ በቀጥታ ወደ በራቸው ሄደች። ምን እንደለበሰች ረስታለች። ሮጬ ደረስኩባት፤ ግን አንኳኩታለች።

ጋሼ ከፈቱ። ጥቁሩን ቀሚስ አዩ። እናቴ ዓይኗን አንስታ ፊታቸውን ይዛለች፤ ሌላ አታውቅበትማ። እንዲያ ሲያዩዋት የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። የወጣቸው ድምፅ ልቅሶ አልነበረም፤ ትልቅ ዕቃ ከጫንቃው የሚያወርድ ሰው ዓይነት ትንፋሽ ነበር።

እናቴ አፏን ከፈተች። ስንት ቤት ሞት ተናግራ የማታውቀው ነገር ደረሰባት። ቃል አጣች።

«ጋሼ፣ ማንም አልሞተም» አልኩ እኔ።

«እሺ ልጄ» አሉኝ በለሆሳስ። «ገብቶኛል። ቀስ እያላችሁ ንገሩኝ።»

አላመኑኝም። ለወጉ መስሏቸዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። ጁሪ ነበርኩ፣ ፍርድ ቤት ነው የምሄደው፣ ስለ ልጅዎ አንዳች የሰማሁት የለም አለቻቸው፤ ቃሏ እየተቆራረጠ። ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት።

«እስቲ ማዪልኝ።»

እናቴ ቀኝ እጇን ትንሽ አነሳች። ከዚያ መልሳ አወረደችው። «እኔ ከእንግዲህ አልምልም» አለች።

የጋሼ ፊት እንደገና ሲዘጋ አየሁት። ያ በፒጃማ የወጣ ሰውዬ ፊት እንደዚያ ነበር። ልጃቸው ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር፤ እሷም አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን ማልኩላቸው። በቋንቋችን መሐላ ሲባል አፍ ላይ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሳላስበው አመለጠኝ።

«እናቴ ትሙት፣ ስለ ልጅዎ የሰማነው የለም።»

በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን፤ ለአውቶቡስ መዘግየት፣ ለጨው ማነስ እንለዋለን። ያን ማታ ግን ሦስታችንም ሰማነው። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና እንደ መርዶ ባለቤት ፊቴን በዓይኗ ያዘች። አልነቀለችም።

ጋሼ አመኑኝ። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ከዚያ እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እንግዲያው ነገ በዚህ ልብስ እንዳላይሽ» አሏት። «ሥራ አለብኝ እኮ፤ በአንቺ ምክንያት ስንት ቀን ቀረሁ።»

በማግስቱ አበባ ያለበትን የሥራ ልብሷን ለብሳ ደረጃውን ወረደች። ጋሼ ሲጋራቸውን ለኩሰው፣ በተቀመጡበት እጃቸውን አነሱላት። እኔ መኪናዋን አስነስቼ ስጠብቃት ነበር። በሩን ከፍታ ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ መንገዱን ሳይሆን እኔን እያየች ተቀመጠች።